ለቤተሰብ ጌም ልትሠሩ ነው? መሣሪያውን ከመምረጣችሁ በፊት ስልካቸውን እዩ

"ጌም መሥራት እፈልጋለሁ፣ በምን ልጀምር?" ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው መልስ የስም ዝርዝር ነው። ዩኒቲ፣ አንሪል፣ ጎዶት የሚባሉ የጌም መሥሪያ ፕሮግራሞች፣ ፓይተን የሚባል የኮድ ቋንቋ። ከዚያ የአንዱን ቪዲዮ ማየት ይጀምራል፣ ሌላው ይሻላል ሲሉት ወደዚያ ይዞራል፣ ወራት ያልፋሉ፣ ጌሙ ግን የለም።

ይሄ መመሪያ ጌም ሠርቶ ለመሸጥ ለሚያስብ ሰው አይደለም። ለልጆቹ፣ ለእናቱ፣ ውጭ አገር ላለች እህቱ አንድ ትንሽ ነገር ሠርቶ በበዓል ቀን አብረው እንዲጫወቱ ለሚፈልግ ነው። የዚህ ዓይነት ጌም ተጫዋቾች ቢበዛ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰው ናቸው። ሁሉንም በስም ታውቋቸዋላችሁ። ምን ስልክ እንደያዙ፣ ምን እንደሚያስቃቸው ታውቃላችሁ። ትልልቅ ኩባንያዎች ይህን መረጃ አያገኙትም፣ እናንተ ግን በእጃችሁ ነው። ስለዚህ የመሣሪያ ምርጫው መነሻ ጌሙ የሚከፈትበት ስልክ መሆን አለበት። አያት ስልክ ላይ የማይከፈት ጌም፣ በምንም ቢሠራ፣ ለአያት አልተሠራም።

እንደ ምሳሌ ይዤ የምሄደው የእንቆቅልሽ ጌም ነው። "እንቆቅልህ!" ይላል፣ "ምን አውቅልህ" ትላላችሁ፣ ይጠይቃል፣ ካልቻላችሁ "አገር ስጠኝ" ይላል። ሁላችንም ሕጉን እናውቀዋለን። ለመጀመሪያ ጌም ከዚህ የተሻለ አላውቅም፣ ምክንያቱም የሚሮጥና የሚዘል ነገር የለውም፣ ግን ሳቅ አለው።

ደረጃ 1፦ ማን ይጫወታል? በምን?

ወረቀት አውጡና የተጫዋቾቹን ስም ጻፉ። ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ አራት ነገር ይግባ። ስልኩ አንድሮይድ ነው ወይስ አይፎን? ዳታ ሁልጊዜ አለው ወይስ አልፎ አልፎ? የአማርኛ ፊደል ያነባል? አነስ ያለ ጽሑፍ ይታየዋል?

ይሄ ወረቀት ግማሹን ምርጫ ይጨርስላችኋል። ሁሉም አንድ ቤት ውስጥ ካሉና ሁሉም አንድሮይድ ከያዙ ምንም መሣሪያ ብትመርጡ ያስኬዳል። ግን አብዛኛው ቤተሰብ እንዲህ አይደለም። አዲስ አበባ ያሉት አንድሮይድ ይዘዋል፣ አሜሪካ ያሉት አይፎን፣ ዱባይ ያለችው አክስት ደግሞ ኢንተርኔት የምታገኘው ማታ ዋይፋይ ሲኖር ነው። እንዲህ ከሆነ በብሮውዘር፣ ማለትም እንደ ክሮም ባለ ድረ ገጽ መክፈቻ፣ የሚከፈት ጌም ያስፈልጋችኋል። ለአይፎን አፕ ሠርቶ ለሰው ለማዳረስ አፕል በዓመት 99 ዶላር ያስከፍላል። ጉግል ፕሌይ ላይ ለመጫን አንድ ጊዜ 25 ዶላር ይከፈላል። ለአሥር ዘመድ ይሄን ሁሉ ማውጣት አያስፈልግም፣ ሊንክ ሁለቱም ስልክ ላይ በነፃ ይከፈታል።

ውጭ ተወልደው ያደጉ ልጆች ካሉ ሦስተኛውን ጥያቄ በደንብ አስቡበት። ቨርጂኒያ ወይም ስቶክሆልም ያደገች የወንድም ልጅ አማርኛ አሳምራ ትሰማ ይሆናል፣ ፊደል ግን ላታነብ ትችላለች። ለሷ ጥያቄው በድምፅ መነገር አለበት። ስለዚህ የምትመርጡት መሣሪያ ድምፅ በቀላሉ የሚያስገባ ይሁን።

ደረጃ 2፦ ጌሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት

"ጌሙ እንቆቅልሽ ይጠይቃል፣ ተጫዋቹ ከአራት መልስ አንዱን ይነካል፣ ካልቻለ አገር ይሰጣል።" በቃ። ከዚህ ዓረፍተ ነገር ውጭ የሆነ ሐሳብ ሁሉ "በኋላ" የሚል ሌላ ወረቀት ላይ ይሂድ።

በተለይ ሁለት ሰው በተለያየ ስልክ በአንድ ጊዜ የሚጫወትበት ነገር መጀመሪያ ላይ አትንኩ። ስልኮቹን የሚያገናኝ ሰርቨር ይፈልጋል፣ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ምን ይሁን የሚል ጥያቄ ያመጣል፣ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ነው። አንድ ስልክ ተቀባብሎ ተራ በተራ መጫወት ይበቃል። በበዓል ቀን ደግሞ ሰው ሁሉ አንድ ስልክ ላይ ሲያጎነብስ የበለጠ ይደምቃል።

ገበጣ መሥራት የምትፈልጉ ካላችሁ እሱም ጥሩ መነሻ ነው። ባለ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ገበጣ ከሆነ ኮምፒዩተሩ የሚያስፈልገው አሥራ ሁለት ቁጥር ያለበት አንድ ዝርዝር ነው፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር እንዳለ የሚይዝ። ሲዘራ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል፣ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል፣ ይሄንን ደግሞ የጉድጓዱን ቁጥር ለ12 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ይፈታዋል። ግን የገበጣ ሕግ እንደየአካባቢው ይለያያል። ረድፉ ሁለት የሆነ አለ፣ ሦስት የሆነ አለ፣ በየጉድጓዱ የሚገባው ጠጠርም አንድ ዓይነት አይደለም። የመጀመሪያውን መስመር ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት አባታችሁን ወይም አያታችሁን ቁጭ አድርጋችሁ የእናንተን ቤት ሕግ ጻፉ። አለዚያ ጌሙ በተከፈተ በአምስት ደቂቃ ውስጥ "ኧረ እንዲህ አይደለም!" ይመጣል።

ደረጃ 3፦ ያላችሁን ኮምፒዩተርና ኢንተርኔት እዩ

4 ጊጋባይት ራም ያለው የቆየ ላፕቶፕ ካላችሁ ዩኒቲና አንሪል ይከብዱታል። ዩኒቲ ለመጫን ብቻ ብዙ ጊጋባይት ይወስዳል፣ አንሪል ከዚያም እጅግ ይበልጣል። በሞባይል ፓኬጅ ዳውንሎድ ለሚያደርግ ሰው ይሄ ገንዘብ ነው። ጎዶት በአንጻሩ ትንሽ ነው፣ ኢንስቶል እንኳ አይፈልግም፣ ዚፑን ፈትቶ መክፈት ብቻ። ለብሮውዘር የሚሆን ጌም ለመጻፍ ደግሞ ከጽሑፍ መጻፊያ ፕሮግራም በቀር ምንም አትጭኑም። ቪኤስ ኮድ ጥሩ ነው፣ ላፕቶፑ ከደከመ ግን ዊንዶውስ ላይ ያለው ኖትፓድም ይሠራል።

ኮምፒዩተር የሌላችሁም ብትሆኑ መንገድ አለ። አኮድ የሚባል የኮድ መጻፊያ አንድሮይድ ላይ አለ፣ ጎዶትም የአንድሮይድ ሥሪት አለው። ጎዶትን በስልክ ስክሪን መሥራት ግን ዓይን ያደክማል፣ ታብሌት ካለ ይሻላል።

መብራት የሚጠፋበት አካባቢ ከሆናችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጌሙን ፎልደር በየማታው ኮፒ አድርጉ፣ ስሙ ላይ ቀኑን ጻፉበት፣ ወደ ራሳችሁ የቴሌግራም ሴቭድ ሜሴጅ ላኩት። ጊት የምታውቁ ጊትን ተጠቀሙ።

ደረጃ 4፦ አሁን ምረጡ

እዚህ ላይ አስተያየቴን በግልጽ ልናገር።

ጌሙ ለዛሬ ማታ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ኮድ አትጻፉ። ቴሌግራም ላይ የቤተሰብ ግሩፕ አላችሁ አይደል? ፖል ስትፈጥሩ የኩዊዝ ዓይነቱን ምረጡ፣ ትክክለኛውን መልስ ምልክት አድርጉ፣ ላኩ። አሥር እንቆቅልሽ እንዲህ ላኩና ቤተሰቡ ይወደው እንደሆነ እዩ። ሳቅና ክርክር ከተነሳ ጌሙ መሠራት አለበት ማለት ነው።

ከልጅ ጋር አብራችሁ ልትሠሩ ከሆነ ስክራች ነው መልሱ። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ከኤምአይቲ ሚዲያ ላብ የወጣ፣ ከ8 እስከ 16 ዓመት ላሉ ልጆች ታስቦ የተሠራ ነፃ መሣሪያ ነው። ኮዱ በቁራጭ በቁራጭ ይገጣጠማል፣ የሚጻፍ ነገር ስለሌለ በፊደል ስህተት የሚቆም ነገር የለም። ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል፣ ከላይ ያለችውን የቋንቋ ምልክት ነክታችሁ አማርኛን ምረጡ። ድምፅ እዚያው በማይክ ይቀዳል። ሲያልቅ ሼር አድርጋችሁ ሊንኩን ትልካላችሁ፣ ስልክ ላይም ይከፈታል። ልጁ ከ5 እስከ 7 ከሆነ ስክራች ጁኒየር የሚባለው አለ። የስክራች ድካሙ ጽሑፍ ላይ ነው። ረዘም ያለ የእንቆቅልሽ ዝርዝር መያዝ፣ የተጻፈ መልስ ማረም፣ እነዚህ ያስቸግሩታል። ስለዚህ ስክራች ከመረጣችሁ መልሱ የሚነካ ሥዕል ይሁን።

ብቻችሁን ልትሠሩ ከሆነ፣ ዘመዶቻችሁም እዚህም እዚያም ከተበተኑ፣ እኔ ያለማመንታት የምመክረው ተራ የድረ ገጽ ቴክኖሎጂውን ነው፦ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስና ጃቫስክሪፕት። ሰው ይሄን የጌም መሣሪያ አድርጎ አያየውም፣ ለእንቆቅልሽ፣ ለገበጣ፣ ለካርታ፣ ለፎቶ ማዛመጃ ግን ከዚህ የቀለለ የለም። ማወቅ ያለባችሁ ነገርም ትንሽ ነው። ገጽ ላይ ጽሑፍ ማሳየት፣ ቁልፍ ሲነካ አንድ ነገር ማድረግ፣ ከዝርዝር ውስጥ በዕጣ አንዱን ማውጣት፣ ድምፅ ማጫወት፣ ነጥብን ስልኩ ላይ ማስቀመጥ። ይሄን ለመማር የጃቫስክሪፕት መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር መጨረስ አያስፈልግም።

የምትፈልጉት ተረት ከሆነ፣ ማለትም አንባቢው "ጅቡን ልመን ወይስ ልሽሽ?" ብሎ እየመረጠ የሚሄድበት፣ ትዋይንን እዩ። እያንዳንዱ የታሪክ ክፍል ሳጥን ነው፣ ሳጥኖቹን በመስመር ታገናኛላችሁ፣ መጨረሻ ላይ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ይወጣል። ኮድ ነክታችሁ የማታውቁ ብትሆኑ እንኳ በአንድ ማታ አጭር ተረት ይወጣችኋል።

ገጸ ባሕሪ የሚሮጥበት፣ የሚዘልበት፣ ኳስ የሚነጥርበት ከሆነ ግን ጎዶት ነው። ነፃና ክፍት ኮድ ነው፣ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ሆኗል፣ የሠራችሁት ጌም ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው። ጂዲስክሪፕት የሚባለው ቋንቋው ፓይተንን ይመስላል። ለአንድሮይድም ለብሮውዘርም ያወጣል። ለአንድሮይድ ለማውጣት የጃቫና የአንድሮይድ ኤስዲኬ (የአፕ መሥሪያ ጥቅል) ተጨማሪ ዳውንሎድ እንዳለ ግን ቀድማችሁ እወቁ። ለብሮውዘር ሲወጣ ደግሞ ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው የጎዶት ሞተር ራሱ አብሮ ስለሚላክ ባዶ ጌም እንኳ ብዙ ሜጋባይት ይሆናል። ዳታ ቆጥቦ ለሚጠቀም ዘመድ ይሄን አስቡለት።

ፓይተንና ለጌም የሚሆነው ማሟያው ፓይጌም? ፓይተን መማር ዋና ዓላማችሁ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ላፕቶፕ ላይ አሪፍ ይሠራል። ወደ ሰው ስልክ ማድረሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ትልቅ ሥራ ነው። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁሉም ተሰብስቦ ለሚጫወትበት ቤት እመክረዋለሁ፣ ለተበተነ ቤተሰብ አልመክረውም።

ዩኒቲና አንሪል ትልልቅና የተከበሩ መሣሪያዎች ናቸው፣ በዚህ ሙያ ሥራ መያዝ ለሚፈልግ ሰው መማራቸው ይጠቅማል። ለዚህ ሥራ ግን ከሚያስፈልገው በላይ ናቸው። በዚያ ላይ ዩኒቲ በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ጌም በተጫነ ቁጥር ላስከፍል ነው ብሎ የብዙ ሠሪዎችን ቁጣ ቀስቅሶ ነበር፣ በዓመቱ ሰርዞታል። ለቤተሰብ ጌም ክፍያው ባይነካችሁም፣ ክፍት ኮድ የሆነ ነገር መምረጥ ለምን እንደሚያረጋጋ ያሳያል።

ደረጃ 5፦ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ቁልፍ ሥሩ

በመረጣችሁት መሣሪያ ጌሙን አትጀምሩ። መጀመሪያ አንድ ገጽ ሥሩ፦ "ጀምር" የሚል አንድ የአማርኛ ቁልፍ፣ ሲነካ "እንቆቅልህ!" የሚል ድምፅ። ሌላ ምንም የለውም። ከዚያ ወረቀታችሁ ላይ ካሉት ሰዎች በጣም አስቸጋሪውን ስልክ ለያዘው ሰው ላኩት። ብዙውን ጊዜ እሱ የእናት ወይም የአያት ስልክ ነው።

አራት ነገር ጠይቁ። ተከፈተ? ፊደሉ በትክክል ይታያል ወይስ ባዶ ሳጥን ነው? ሲነካ ይሠራል? ድምፁ ተሰማ? አራቱም አዎ ከሆኑ መሣሪያችሁ ተገኘ። አንዱ እንቢ ካለ አሁን፣ ገና ምንም ሳትለፉ፣ ማስተካከል ወይም ሌላ መሣሪያ መሞከር ትችላላችሁ። ሁለት መሣሪያ ላይ ይሄን ሙከራ ማድረግ የሁለት ማታ ሥራ ነው፣ ብዙ ቪዲዮ ከማየት ይበልጥ ያስተምራል።

ድምፁ እንቢ ካላችሁ አትደንግጡ። ብሮውዘሮች ሰው አንድ ነገር ሳይነካ ድምፅ እንዳይጮህ ይከለክላሉ። "ጀምር" የሚለው ቁልፍ ያስፈለገውም ለዚህ ነው፣ የመጀመሪያው ድምፅ ከመነካት በኋላ ይምጣ።

ደረጃ 6፦ አማርኛውን አስተካክሉ

የውጭ መመሪያዎች የማይነግሯችሁ ክፍል ይሄ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

መጀመሪያ ፎንት። ድረ ገጽ ከሆነ ፋይሉ የአማርኛ ፊደልን በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 አቀማመጥ መቀመጡንና ገጹም ይህንኑ ከላይ መናገሩን አረጋግጡ፣ አለዚያ ፊደሉ ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል። ከዚያ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የሚባለውን ፎንት አውርዳችሁ ከጌሙ ጋር አብራችሁ ላኩ። ሁለቱም በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው። ጎዶት ላይ ይሄ ግዴታ ነው። ላፕቶፓችሁ ላይ የኮምፒዩተሩን ፎንት ተበድሮ አማርኛውን በደንብ ያሳያችኋል፣ ለብሮውዘር ስታወጡት ግን የሚበደረው የለም፣ ጽሑፉ ይጠፋል። ፓይጌምም የራሱ ፎንት አማርኛ ስለሌለው የፎንት ፋይሉን ራሳችሁ መስጠት አለባችሁ።

ቀጥሎ አጻጻፍ። ተጫዋቹ መልስ እንዲጽፍ ከፈቀዳችሁ ይሄን እንቆቅልሽ አስቡት፦ "ሲሄድ ቢውል ሲሄድ ቢያድር የማይደክመው?" መልሱን አንዱ ውሃ ይላል፣ ሌላው ውሀ፣ ሌላው ውኃ። ሁሉም ትክክል ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። እናታችሁ ትክክል መልሰው "ተሳስተዋል" ከተባሉ ጌሙን ዘግተው ይሄዳሉ፣ ልክም ናቸው።

መፍትሔው ከማወዳደር በፊት ሁለቱንም ቃል ወደ አንድ አጻጻፍ ማምጣት ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ላይ እያንዳንዱ የፊደል ቤት ስምንት ስምንት ቦታ ይዞ በተርታ ስለተቀመጠ ይሄ በመደመርና በመቀነስ ያልቃል። ፊደሉ ከሐ ቤት ከሆነ ከቁጥሩ 16 ቀንሱ፣ ወደ ሀ ቤት ይመጣል። ከኀ ቤት ከሆነ 128 ቀንሱ። ከሠ ቤት ከሆነ 16 ደምሩ፣ ሰ ይሆናል። ከዐ ቤት 48 ቀንሱ፣ አ ይሆናል። ከፀ ቤት 8 ቀንሱ፣ ጸ ይሆናል። ይሄ ካለቀ በኋላ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ ቀይሩ። ከፊትና ከኋላ ያለ ባዶ ቦታና አራት ነጥብ ካለም አንሱ። አሁን ውሃም ውኃም ውሀም አንድ ሆኑ። በዚህ ላይ ለእያንዳንዱ እንቆቅልሽ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ እንዲኖር ፍቀዱ፣ ለዚህኛው "ወንዝ" ያለም ልክ ነው።

ይሄ ሁሉ ከከበዳችሁ ወደ አራት ምርጫ ተመለሱ። ስልክ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ ላልጫነ ዘመድም መንካት ይሻለዋል።

ሦስተኛው፣ ጌሙ ሰውን እንዴት እንደሚያናግር። በእንግሊዝኛ የተሠራ ጌም ሁሉንም ሰው በአንድ ቃል ያናግራል። አማርኛ ላይ ያ አይሆንም። ለወንድም "ሞክር"፣ ለእህት "ሞክሪ"፣ ለአያት "ይሞክሩ" ነው። አያትን "ተሳስተሃል" የሚል ጌም በአማርኛ ጌም አይባልም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ማን እየተጫወተ እንደሆነ የሚያስመርጥ ገጽ ሥሩ። ተጫዋቾቹን በስም ስለምታውቁ ቀላል ነው፣ የየሰው ስም ያለበት ቁልፍ አስቀምጡ፣ ከስሙ ጋር 1 (ለወንድ)፣ 2 (ለሴት) ወይም 3 (ለአክብሮት) የሚል ቁጥር ይያዝ። ጌሙ የሚናገረው እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ደግሞ በሦስት መልክ ይጻፍ። ብዙ ሥራ ይመስላል፣ ግን እንዲህ ባለ ጌም ውስጥ የሚባለው ነገር ከሃያ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም።

ደረጃ 7፦ ድምፅና ፎቶ

እንቆቅልሹን የሚጠይቀው ድምፅ የእናንተ ቤት ሰው ይሁን። አያታችሁ በሕይወት ካሉ እሳቸው ይሁኑ። ገጠር ካሉም ችግር የለም፣ አጠገባቸው ያለ ሰው በቴሌግራም ድምፅ ቀድቶ ይላክ። አንድ ጥያቄ ለብቻው አንድ መልእክት ይሁን፣ አንድ ላይ ከተቀዳ ቆርጦ መለየት ጊዜ ይበላል። ቴሌግራም ድምፁን ኦግ በሚባል ዓይነት ነው የሚያስቀምጠው፣ ቆየት ያለ አይፎን ላይ ይሄ ላይጫወት ይችላል። ስለዚህ በኦዳሲቲ ወይም በቪኤልሲ ወደ ኤምፒ3 ቀይሩት። ለንግግር 64 ኪሎቢት ሞኖ ይበቃል፣ በሰከንድ 8 ኪሎባይት ነው የሚሆነው። ሠላሳ እንቆቅልሽ እያንዳንዱ አሥር ሰከንድ ቢሆን ጠቅላላው 2.4 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ለማንም ፓኬጅ አይከብድም።

ፎቶ ግን ይከብዳል። ከስልክ በቀጥታ የመጣ አንድ ፎቶ ብቻውን ከሁሉም ድምፅ ሊበልጥ ይችላል። ወርዱን ወደ 800 ፒክሰል አሳንሱት።

አንድ ነገር ደግሞ በጣም አስባችሁ ወስኑ። ሊንክ ያለው ጌም ለሌላ ሰውም ክፍት ሊሆን ይችላል። የልጆችን ፎቶ ከሙሉ ስም ጋር አታስገቡ። የቤት ስማቸውን ተጠቀሙ፣ በፎቶ ፈንታ ልጆቹ ራሳቸው የሳሉትን ሥዕል አስገቡ። እሱ ይበልጥ ያምራልም።

ደረጃ 8፦ ላኩት

ለድረ ገጽ ጌም ሁለት ነፃ ቦታ እመክራለሁ። አንዱ ጊትሃብ ፔጅስ ነው፣ በነፃው አካውንት ኮዱና ገጹ ለሁሉም ክፍት ይሆናል። ሌላው ኢች ዶት አይኦ ነው፣ ፎልደሩን ዚፕ አድርጋችሁ ትጭናላችሁ፣ ከፈለጋችሁ በፓስወርድ ትዘጉታላችሁ። ፎቶና የአያት ድምፅ ላለበት ጌም ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ጎዶት በብሮውዘር የሚሠራውን ሲያወጣም እዚያው ይጫናል።

ከመጫናችሁ በፊት የፋይል ስሞቹን እዩ። ሁሉም በትንንሽ የላቲን ፊደልና በቁጥር ይሁኑ፣ ክፍተት አይኑራቸው። ዊንዶውስ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም፣ ሰርቨሩ ግን ይለያል። ላፕቶፕ ላይ የሠራ ድምፅ ሊንኩ ላይ ዝም ካለ መጀመሪያ የምታዩት ይሄን ነው።

ጌሙን በጎዶት ከሠራችሁት፣ ዳታ ለሌለው ዘመድ አንድሮይድ ከያዘ ኤፒኬ (የአንድሮይድ አፕ መጫኛ ፋይል) መላክ ይቻላል። ስልኩ ግን "ይሄ አፕ ከማይታወቅ ምንጭ ነው" እያለ ያስጠነቅቃል፣ ትልቅ ሰው ይሄን ሲያይ ይፈራል፣ መፍራቱም ተገቢ ነው። ስለዚህ አጠገቡ የሚጭንለት የሚታመን ልጅ ይኑር።

የመጀመሪያው ገጽ ታችኛው ጥግ ላይ የሥሪት ቁጥር አስቀምጡ፦ 1፣ ከዚያ 2፣ እያለ። አዲስ ስትጭኑ የሰው ስልክ የድሮውን ይዞ ሊቆይ ይችላል። "አልተቀየረም" ብለው ሲደውሉላችሁ "ከታች ስንት ይላል?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ችግሩ ወዲያው ይታወቃል።

ደረጃ 9፦ ሲጫወቱ ዝም ብላችሁ እዩ

ስልኩን ስጡና አትናገሩ። የቱ ጋ እንደሚቆሙ፣ ምን እንደሚፈልጉ፣ የትኛው ቁልፍ አልነካ እንዳላቸው ወረቀት ላይ ጻፉ። የትልቅ ሰው ጣት ትንሽ ቁልፍ ይስታል፣ ቁልፎቹ ቁመታቸው ቢያንስ 48 ፒክሰል፣ ጽሑፉ ከ20 በላይ ይሁን። ውጭ ያሉት ደግሞ ቪዲዮ ኮል ላይ ስክሪናቸውን እያሳዩ ቢጫወቱ ይሻላል፣ "አሪፍ ነው" የሚል መልእክት ብቻውን ምን እንደሚስተካከል አይነግራችሁም።

"አገር ስጠኝ" የሚለውን ክፍል በደንብ ተከታተሉ። ዝርዝሩ ውስጥ ጎንደር፣ ደሴ፣ ጅማ፣ ሐረር ብቻ ካለ አንድ ሰው "የኛ አገር የታለ?" ማለቱ አይቀርም። የቤተሰቡን የትውልድ ቦታዎች፣ አሁን የሚኖሩባቸውን ከተሞችም ጨምሩ።

ይሄ ሁሉ እንዲቀልላችሁ እንቆቅልሾቹ ከጌሙ ኮድ ተለይተው በራሳቸው ፋይል ይቀመጡ። አንድ መስመር አንድ እንቆቅልሽ፦ ጥያቄው፣ ትክክለኛው መልስ፣ ሦስት የተሳሳቱ መልሶች፣ የድምፁ ፋይል ስም። እንዲህ ከሆነ ዘመድ አዲስ እንቆቅልሽ በላከ ቁጥር ኮዱን ሳትነኩ አንድ መስመር ትጨምራላችሁ። ቤት ውስጥ የኮድ ፍላጎት ያለው ልጅ ካለም ይሄንኑ ፋይል ብቻ ስጡት። አንዱን መስመር ኮፒ ያድርግ፣ ጥያቄውንና መልሱን በራሱ ይቀይር፣ ሴቭ ያድርግና ገጹን ሪፍሬሽ ያድርግ። እየቆየ "ይሩጥ፣ ይዝለል" ማለት ሲጀምር ያኔ ጎዶትን አብራችሁ ክፈቱ።